የጡት ካንሰር ክኒን፦ 21 ቀን መዋጥ፥ 7 ቀን ማረፍ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ አንድ ክኒን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በገዛ ቤታችን የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ ከትምህርቱ በፊት ነገሩን በአጭሩ ላውጋችሁ።

የእናቴ ታላቅ እኅት በጡት ካንሰር ታመው ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሕክምናቸውን ጨርሰው ደኅና ሆነው ሲኖሩ፥ ባለፈው ዓመት ወገባቸውን አላስቀምጥ ስላላቸው ቢመረመሩ በሽታው ከጡት ወጥቶ ወደ አጥንታቸው መድረሱ ታወቀ። ሐኪማቸውም ሌትሮዞል ከሚባለው ክኒን ጋራ ፓልቦሲክሊብ የሚባል መድኃኒት አዘዙላቸው። መድኃኒቱ ውድ ስለ ሆነ ዘመድ ሁሉ ተረባረበ፤ የበዛውን ገንዘብ ግን በውጭ አገር የምትኖረው ልጃቸው ከፈለች።

በ21ኛው ቀን የመጀመሪያው ማሸጊያ አለቀ። ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ 7 ቀን ያርፋሉ» ብለዋቸው ነበር፤ ይህ ቃል ግን በቤታችን ክርክር አስነሣ። አያቴ «ሌባው ግቢ ውስጥ ሳለ ዘበኛው ተኛ ይባላል?» አሉ። አጎቴም «የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አንድ ቀን እንኳ አይቋረጥም ሲባል እንሰማ የለም ወይ? ይኸኛውም እንደዚያው ይሆናል፤ ሁለተኛው ማሸጊያ ዛሬውኑ ይከፈት» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ተማሪ አይደለህም? ወረቀቱን አንብበህ ንገረን» አሉኝ።

በማሸጊያው ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ወረቀት ተጣጥፎ የገባ ሲሆን ቢዘረጉት ጠረጴዛ የሚያለብስ ነው። ቃላቱን አነበብኋቸው፤ ትርጕማቸውን ግን መናገር አቃተኝ። በመጨረሻ ወደ ሆስፒታሉ ተደውሎ አንዲት ነርስ «ይረፉ፤ ደማቸው ሳይመረመር ሁለተኛውን እንዳይጀምሩ» ስላሉ ክርክሩ ቆመ። እኔ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ አንዲት ወረቀት ለቤተ ሰቤ ማስረዳት አለመቻሌ አሳፈረኝ። በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ ወደ ባዮሎጂ መምህራችን ሄድሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረግሁት ጥናት ፍሬ ነው። በውስጡ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የበሽታው ጠባይ

ሰውነታችን ሕዋስ ወይም ሴል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ሕዋሳት በሥርዓት ይከፈላሉ፤ ያረጀው በአዲስ ይተካል፤ በቂ ሲሆን ይቆማል። ካንሰር ማለት ይህ ሥርዓት ፈርሶ አንድ ሕዋስ ያለ ልክ ሲከፈልና ልጆቹም እንደ እርሱ ሲሆኑ ነው። የጡት ካንሰር ከጡት ወጥቶ በደምና በሊምፍ ቧንቧዎች ወደ አጥንት፥ ወደ ሳንባ፥ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል ሲሄድ የተሠራጨ ካንሰር ይባላል። በዚህ ደረጃ ያለው በሽታ በዛሬው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ አይጠፋም። የሐኪሞች ሥራ እድገቱን ማገድ፥ ዕድሜን ማራዘምና ሕመምን ማቅለል ነው። ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ተገቢ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከመድኃኒቱ የማይገኘውን የሚጠብቅ ሰው የሚገኘውንም ጥቅም ይንቀዋል።

የጡት ካንሰር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በ1896 በግላስጎው ከተማ ጆርጅ ቢትሰን የተባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፥ የጡት ካንሰር የጸናባቸውን ሴቶች ኦቫሪ የሚባሉትን እንቁላል አመንጪ ዕጢዎች ቢያወጡ የአንዳንዶቹ ካንሰር መቀነሱን ለዓለም ገለጹ። ከኦቫሪ የሚወጣው ኤስትሮጂን የሚባል ሆርሞን ለካንሰሩ እንደ ምግብ እንደሚሆነው የታወቀው ግን ኋላ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በቺካጎ ኤልውድ ጄንሰን የተባሉ ሊቅ በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ኤስትሮጂንን የሚቀበል ነገር መኖሩን አሳዩ። ይህ ተቀባይ ያለው ካንሰር ከኤስትሮጂን ትእዛዝ እየተቀበለ ይከፈላል። ከ10 የጡት ካንሰሮች 7 ያህሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። እነዚህን ለማከም የሚሰጠው ታሞክሲፈን የተባለው ክኒን በ1973 በብሪታንያ ተፈቀደ። አክስቴ ከፓልቦሲክሊብ ጋራ የሚውጡት ሌትሮዞልም ሰውነት ኤስትሮጂን እንዳይሠራ የሚከለክል ነው።

ይሁን እንጂ ካንሰሩ ጊዜ ካገኘ የኤስትሮጂኑን እጥረት ተላምዶ በሌላ መንገድ መከፈል ይጀምራል። ስለዚህ ሊቃውንት «ትእዛዙ በየትም በኩል ቢመጣ ሕዋሱ የሚከፈልበት በር የት ነው?» ብለው መጠየቅ ነበረባቸው።

ከእርሾ እስከ ክኒን

ይህ በር የተገኘው በካንሰር ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል ያጠኑት የዳቦ እርሾን ነበር። እርሾ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጡር ስለ ሆነ አከፋፈሉን ለማጥናት ይመቻል። እንግሊዛዊው ፖል ነርስ የመረጡት ደግሞ ሌላ ዓይነት እርሾ ነው፤ ስሙም ፖምቤ ይባላል። ፖምቤ በስዋሂሊ ቋንቋ ቢራ ማለት ነው። እኛ ከጠላ እንደምናገኘው ሁሉ ይህም እርሾ በመጀመሪያ ተለይቶ የታወቀው በምሥራቅ አፍሪካ በባህል ከሚጠመቅ የእህል መጠጥ ነው። ሦስተኛው ሊቅ ቲም ሃንት በ1982 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የባሕር ዳርቻ፥ እንደ ጃርት እሾሃም የሆነ የባሕር እንስሳ እንቁላል ሲመረምሩ፥ ሕዋሱ ሊከፈል ሲል የሚበዛና ሲከፈል ድንገት የሚጠፋ ፕሮቲን አገኙ። ስሙንም ሳይክሊን አሉት።

ሦስቱ ሊቃውንት በ2001 የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። እርሾውም፥ የባሕሩ እንስሳም፥ ሰውም የሚከፈሉት በአንድ ዓይነት ሥርዓት መሆኑ ታውቆ ነበርና።

ሥርዓቱን በምሳሌ ላስረዳ። ሕዋሱን እንደ አንድ ግቢ እንቍጠረው። በግቢው በር ላይ አር.ቢ. የሚባል ዘበኛ ቆሟል፤ በሩን ዘግቶ ሕዋሱ እንዳይከፈል ይጠብቃል። ሲ.ዲ.ኬ. 4 እና ሲ.ዲ.ኬ. 6 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ዘበኛውን ከበሩ ሊያስነሡ ሥልጣን አላቸው፤ ነገር ግን ሳይክሊን ካልመጣላቸው ብቻቸውን ምንም አይሠሩም። ኤስትሮጂን ሲበዛ ሳይክሊን ይበዛል፤ ሳይክሊንም ከሁለቱ ጋራ ይገጥማል፤ ዘበኛው ይነሣል፤ በሩ ይከፈታል፤ ሕዋሱም ሁለት ይሆናል።

ፓልቦሲክሊብ ገብቶ የሚቀመጠው ሲ.ዲ.ኬ. 4 እና 6 ኃይል በሚቀበሉበት ቦታ ላይ ነው። ስፍራው ስለ ተያዘባቸው ዘበኛውን ማስነሣት አይችሉም። መድኃኒቱ ዒላማ ያለው መድኃኒት የሚባለው ስለዚህ ነው። በ2009 በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ47 ዓይነት የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ሞክረውት፥ ይበልጥ የተሸነፉት የኤስትሮጂን ተቀባይ ያላቸው መሆናቸውን አስታወቁ። በየካቲት 2015 የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲሸጥ ፈቀደ። የሚሰጠውም የሆርሞን ተቀባይ ላለውና ሄር 2 የሚባለው ፕሮቲን ላልበዛበት የተሠራጨ የጡት ካንሰር ነው። ስለዚህ አንዲት ታማሚ ይህን ክኒን ከመጀመሯ በፊት የካንሰሯ ዓይነት በላቦራቶሪ መታወቅ አለበት። ለጎረቤት የጠቀመ ለእርሷ ላይጠቅም ይችላል።

ጥቅሙ በቍጥር

በ2016 በታተመ አንድ ጥናት 666 ሴቶች ተካፍለዋል። ከሦስት አንዷ ያህል ሌትሮዞልን ብቻ፥ የቀሩት ሌትሮዞልን ከፓልቦሲክሊብ ጋራ ወሰዱ። ሌትሮዞልን ብቻ ከወሰዱት እኩሌቶቹ በሽታቸው ሳይገፋ የቆዩት 14.5 ወር ሲሆን፥ ሁለቱን ከወሰዱት እኩሌቶቹ 24.8 ወር ቆዩ። አሥር ወር በካላንደር ላይ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ወገቧን ሳያማት ለልጇ ሠርግ ለምትቆም እናት ግን ጥቂት አይደለም።

እውነቱን ሁሉ ለመናገር ያህል፥ በዚያው ጥናት በጠቅላላው የቆዩበት ዕድሜ ሲቈጠር በአንዱ ወገን 53.9 ወር፥ በሌላው 51.2 ወር ስለ ሆነ ልዩነቱ ዕድሜ ያራዝማል ለማለት አልበቃም። ራይቦሲክሊብ የተባለው የመድኃኒቱ ወንድም ግን በ668 ሴቶች ላይ ተጠንቶ፥ በ2022 በወጣው ውጤት ከሌትሮዞል ጋራ የወሰዱት 63.9 ወር፥ ሌትሮዞልን ብቻ የወሰዱት 51.4 ወር መኖራቸው ታውቋል። በሌላ ጥናትም የወር አበባቸው ባልቆመ 672 ሴቶች ላይ ራይቦሲክሊብ ኤስትሮጂንን ከሚያግድ ሕክምና ጋራ ተሞክሮ፥ ከ42 ወር በኋላ በሕይወት የሚገኙት ከ100 ሴቶች 70 ያህል ሲሆኑ፥ ራይቦሲክሊብን ካልወሰዱት 46 ብቻ መሆናቸው በ2019 ተገልጿል። በአገራችን የጡት ካንሰር የሚይዛቸው ብዙዎቹ በአፍላ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ስለ ሆኑ ይህ ለእኛም የሚነገር ነገር ነው።

ሰባቱ ቀን ለምን?

አሁን ወደ ቤታችን ክርክር ልመለስ። መድኃኒቱ ዒላማ አለው ብለናል፤ ነገር ግን ሲ.ዲ.ኬ. 4 እና 6 ያሉት በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ብቻ አይደለም። በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ደም የሚሠሩት ሕዋሳትም በተለይ በሲ.ዲ.ኬ. 6 ይጠቀማሉ። ስለዚህ ክኒኑ የካንሰሩን በር ሲዘጋ የመቅኔውንም በር ይዘጋል። ከዚህ የተነሣ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ያንሳሉ። እነዚህ ከውጭ የሚገባውን ተሐዋሲ የሚዋጉ የሰውነታችን ወታደሮች ናቸው።

ከላይ በጠቀስሁት በ2016ቱ ጥናት፥ ፓልቦሲክሊብን ከወሰዱት 100 ሴቶች በ66ቱ ኒውትሮፊላቸው በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ከ1,000 በታች ወርዷል። ይህ ብዙ ነው። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ትኵሳት የያዛቸው ከ100 ሴቶች 2 እንኳ አልሞሉም። ቀድሞ የታወቁት በደም ሥር የሚሰጡ የካንሰር መድኃኒቶች የመቅኔውን ሕዋስ ይገድሉታል፤ ፓልቦሲክሊብ ግን አይገድለውም፤ ያስቆመዋል እንጂ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ የቆሙት ሕዋሳት እንደገና መከፈል ይጀምራሉ፤ ወታደሮቹም ይተካሉ።

እንግዲህ ሰባቱ ቀን የቸልተኝነት ቀኖች አይደሉም። ራሳቸው የሕክምናው ክፍል ናቸው። አያቴ እንደ መሰላቸው ዘበኛው የሚተኛበት ሳይሆን ወታደሩ ስንቅ የሚቀበልበት ጊዜ ነው። ሌትሮዞሉ ግን በእነዚህ ቀኖችም ሳይቋረጥ በየቀኑ ይዋጣል።

አጎቴም የተናገሩት ከንቱ ነገር አልነበረም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በእርግጥ አይቋረጥም፤ ቢቋረጥ ተሐዋሲው መድኃኒቱን ይለምደዋልና። ስሕተቱ የአንዱን መድኃኒት ሕግ ለሌላው ማድረግ ነው። የሳንባ ነቀርሳው መድኃኒት የሚዋጋው ከውጭ የመጣን ጠላት ሲሆን፥ ፓልቦሲክሊብ የሚነካው የራሳችንንም መቅኔ ነው።

ዕረፍቱ በቂ መሆኑ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ደም የሚመረመረው ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት፥ ከዚያም በየ28 ቀኑ ዙር መጀመሪያ፥ እንዲሁም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በ15ኛው ቀን ነው። በዙሩ መጀመሪያ ኒውትሮፊሉ 1,000 ካልሞላ ሐኪሙ ክኒኑን አቆይቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ምርመራውን ይደግማል። ቶሎ ካልተመለሰ ወይም ደጋግሞ ከወረደ መጠኑን ከ125 ሚሊ ግራም ወደ 100፥ ከዚያም ወደ 75 ሊቀንሰው ይችላል። መጠን መቀነስ ተስፋ መቍረጥ ማለት አይደለም፤ ታማሚዋ ሕክምናውን ሳትጐዳ ረጅም ጊዜ እንድትቀጥል የሚደረግ ነው።

በቤት ውስጥ ሊታወቁ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

1ኛ፤ ትኵሳት። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፥ ወይም ብርድ ብርድ ካለና ካንቀጠቀጠ፥ «ነገ ይሻለኛል» ሳይሉ በዚያው ቀን፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በሌላ ሰው ላይ ቀላል የሆነ ትኵሳት ወታደር ባነሰው ሰውነት ላይ ብርቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቤት ውስጥ አንድ ቴርሞሜትር መኖሩ መልካም ነው።

2ኛ፤ ምግብ። የፓልቦሲክሊብ ካፕሱል ከምግብ ጋራ፥ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ይዋጣል። በባዶ ሆድ ሲዋጥ ከ100 ሰዎች በ13ቱ ያህል መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኝቷልና። በጾም ወራት ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በክርስትናም በእስልምናም ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነጻ መሆኑ የታወቀ ነው። ታማሚዋ መጾም ብትወድ ግን መድኃኒቱን በምትመገብበት ሰዓት እንዴት እንደምታደርገው ከሐኪሟ ጋራ ትመካከር፤ በዝምታ በባዶ ሆድ አትዋጥ። ካፕሱሉም እንዳለ ይዋጣል እንጂ አይከፈትም፥ አይታኘክም።

3ኛ፤ የተረሳ ክኒን። አንድ ቀን ሳይዋጥ ቢቀር፥ ወይም ከተዋጠ በኋላ ቢያስመልስ፥ በዚያ ቀን ሌላ አይጨመርም። በማግስቱ በተለመደው ሰዓት የተለመደው አንድ ብቻ ይዋጣል። የቀረውን ለማካካስ ሁለት መዋጥ ስሕተት ነው።

4ኛ፤ ሌሎች መድኃኒቶች። ፓልቦሲክሊብን ጉበታችን ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። አንዳንድ መድኃኒት የጉበትን ሥራ ያፈጥናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያዘገያል። በአገራችን ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የፓልቦሲክሊብን መጠን በደም ውስጥ በ85 ከመቶ እንደሚቀንሰው በምርመራ ታውቋል። እንዲህ ሲሆን ታማሚዋ ክኒኑን እየዋጠች እንዳልዋጠች ትሆናለች። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም ከአፍጣኞቹ ወገን ናቸው። በአንጻሩ ኢትራኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት መጠኑን በ87 ከመቶ ያበዛዋል፤ ያን ጊዜ ጕዳቱም ይበዛል። ግሬፕፍሩት የሚባለው ብርቱካን መሰል መራራ ፍሬም እንደዚሁ የጉበትን ሥራ ስለሚያዘገይ ፍሬውም ጭማቂውም የተከለከለ ነው። ስለዚህ ታማሚዋ ከሌላ ሐኪም፥ ከፋርማሲ ወይም ከባህል ሐኪም የምትወስደውን ሁሉ፥ ሥርና ቅጠልም ቢሆን፥ ለካንሰር ሐኪሟ ሳትደብቅ መናገር አለባት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀም እንደዚያው ነው።

5ኛ፤ ሳል። ከዚህ በፊት ያልነበረ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢመጣ ለሐኪም ይነገር። እነዚህ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ ሳንባን ብርቱ በሆነ መንገድ ሊያስቈጡ እንደሚችሉ የአሜሪካው ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2019 አስጠንቅቋል።

6ኛ፤ እርግዝና። መድኃኒቱ በማኅፀን ያለውን ሕፃን ሊጐዳ ስለሚችል ልትወልድ የምትችል ሴት በሕክምናው ጊዜ እንዳታረግዝ መጠንቀቅ፥ የምታጠባም ከሆነች ማቋረጥ ይገባታል።

ወንድማማቾቹ አንድ አይደሉም

ከፓልቦሲክሊብ ጋራ በአንድ መንገድ የሚሠሩ ሁለት ሌሎች ክኒኖች በ2017 ተፈቅደዋል። እነርሱም ከላይ የጠቀስሁት ራይቦሲክሊብና አቤማሲክሊብ ናቸው። ሥራቸው ቢመሳሰልም ጥንቃቄአቸው ይለያያል።

ራይቦሲክሊብ እያንዳንዱ 200 ሚሊ ግራም የሆነ ሦስት ክኒን በአንድ ጊዜ ለ21 ቀን ተውጦ 7 ቀን ይታረፋል። ነገር ግን የልብን የኤሌክትሪክ አመታት ሊያውክ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት፥ ደግሞም በ14ኛው ቀን ገደማ፥ የልብ ምርመራ በኢ.ሲ.ጂ. መሣሪያ ይደረጋል። የጉበትም ምርመራ ያስፈልገዋል። አቤማሲክሊብ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ያለ ዕረፍት የሚዋጥ ነው። እርሱ መቅኔውን የሚነካው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነው፤ ይልቁንም ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ያመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተቅማጥ እንደ ታየ ውሃ በብዛት መጠጣትና ሐኪሙ ያዘዘውን የተቅማጥ ማቆሚያ መጀመር ነው። አንዲት ታማሚ «ጓደኛዬ ያለ ዕረፍት ትወስዳለች» ብላ የራሷን ዕረፍት ብትተው ምን ያህል እንደምትሳሳት ከዚህ ይታያል።

ፍጻሜ

በ29ኛው ቀን ከአክስቴ ጋራ ወደ ሆስፒታል ሄድሁ። ደማቸው ተመርምሮ ኒውትሮፊላቸው 800 ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰባት ቀን አርፈው እንኳ ገና 800 ነበር። በአጎቴ ምክር ሁለተኛው ማሸጊያ በ22ኛው ቀን ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ቍጥሩ የት ይወርድ እንደ ነበር ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። ሐኪሙ አልደነገጡም፤ «አንድ ሳምንት እንጨምርላቸው» አሉ። ከሳምንት በኋላ 1,300 ስለ ሆነ ሁለተኛውን ዙር ጀመሩ።

በዚያ ምሽት አጎቴን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው እያልሁ ስፈራ፥ እርሳቸው ራሳቸው «በል እንግዲህ ያን ወረቀት አምጣና በአማርኛ አስረዳን» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ስለ በሩና ስለ ዘበኛው ነገርኋቸው። አያቴ እስከ መጨረሻው ሰምተው «ለካ መድኃኒትም እንደ ሰው ያርፋል!» አሉ። ዛሬ በጓዳችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር አለ። የሚዋጥበት ቀን በሰማያዊ፥ የሚታረፍበት በቀይ፥ የደም ምርመራው ቀን በክብ ምልክት ተጽፎበታል። ሲመሽ ምልክቱን የሚያደርጉበት አጎቴ ናቸው።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፥ ክኒን ትንሽ ነገር ስለ ሆነ ያለ ጭንቅ የሚወሰድ ይመስለናል። መርፌ ሲሆን ነርስ አለች፤ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ሐኪም አለ። ክኒን ግን ወደ ቤት ይመጣል፤ በቤትም የሚጠብቀው እናት፥ አባት፥ ልጅ ነው። ስለዚህ ይህን መድኃኒት ያለ አደጋ የሚያስወስደው የመድኃኒቱ ዒላማ ብቻ አይደለም፤ ቀን መቍጠሩ፥ ደም ማስመርመሩ፥ ትኵሳቱን አለመናቁና የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪም መንገሩ ነው። በብዙ ቤት ደግሞ የእንግሊዝኛውን ወረቀት ሊያነብ የሚችለው ተማሪው ነው። «አላውቀውም» ብለን ወረቀቱን ከማጣጠፍ «ነገ መምህሬን ጠይቄ እነግራችኋለሁ» እንበል። ያልገባንን እንደ ገባን አድርገን መናገር ግን ከዝምታ ይብሳል፤ በመጠራጠር ጊዜ የሚጠየቀው ያዘዘው ሐኪም ነው።

የተከበራችሁ እናቶችና እኅቶች፥ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታየው ካንሰር ሁሉ የበዛው ነው። ብዙዎችም ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከሠለጠነ በኋላ ነው። እኔ የጻፍሁለት ክኒን ጥሩ ቢሆንም በሽታው ሳይሠራጭ መገኘቱ ከእርሱ ይሻላል። በጡታችሁ ላይ እብጠት፥ የቆዳ መሰርጐድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ብታዩ፥ ባያማችሁም እንኳ፥ በቶሎ ታዩ።

በርትተው የተማሩ ሰዎች ከእርሾና ከባሕር እንስሳ ተነሥተው ይህን መድኃኒት ለአክስቴ አደረሱላት። ከማሸጊያው እስከ አክስቴ እጅ ያለችውን አጭር መንገድ በትክክል ማድረስ ግን የእኛ የቤተ ሰቦቿ ሥራ ነው።